ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ባቲ የሚመላለስ ላፕቶፕ፦ ቲ480፣ ላቲቲዩድ 7490 ወይስ ኤሊትቡክ 840?

የሒሳብ ልጅ (ደሴ)

እንዴት ሰነበታችሁ? ጥያቄዬ ረዘም ይላል። አንብባችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ።

የነጋዴዎችን ሒሳብ እሠራለሁ። ደሴ ላይ አራት፣ ኮምቦልቻ ሦስት፣ ሐይቅ አንድ፣ ባቲ ሁለት ደንበኛ አለኝ። ቢሮ የለኝም። ላፕቶፔን፣ ካልኩሌተሬንና የደረሰኝ ክላሴር ይዤ ሱቃቸው ድረስ እሄድላቸዋለሁ። ከጨርቅ ጣቃ ወይም ከስኳር ኩንታል ጎን ቁጭ ብዬ ነው የምሠራው። የባቲ ገበያ ሰኞ ስለሆነ እኔ ማክሰኞ ነው የምወርደው፤ የገበያው ደረሰኝ ሳይበታተን ለመድረስ።

አሁን የማወራችሁ ሐምሌ ላይ የደረሰብኝን ነው። ሐምሌ ለእኛ ሥራ ጭንቅ ነው። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋና ነጋዴው ሁሉ ባንድ ጊዜ ይጠራል። ከባቲ ስመለስ ሚኒባሱ ሞላ። ረዳቱ ቦርሳዬን ተቀብሎ ከኋላ ወንበር ጀርባ፣ ከጤፍ ከረጢት ጎን ሸጎጠው። እኔም ደክሞኝ ስለነበር ዝም አልኩ። ገርባን አልፈን አንዱ ጎድጓዳ ላይ መኪናው ሲነጥር ከረጢቱ ተንሸራቶ ቦርሳው ላይ ወደቀ። ድምፁን ሰምቻለሁ። ሆዴ ቡጭ አለ።

ማታ ቤት ገብቼ ስከፍተው የግራው ማጠፊያ ተገንጥሏል። ብሎኑ የገባበት ፕላስቲክ እንደ ብስኩት ተፈርፍሯል። ስክሪኑ በአንድ እግሩ ቆሟል። ይሄስ ይሁን። ስከፍተው ከውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ። ሃርድ ዲስኩ ነው። ከዚያ በኋላ አልተነሳም።

ፍላሽ ላይ ገልብጬ ነበር፤ ግን የሚያዝያውን ነው። የአንድ የኮምቦልቻ ደንበኛዬ የግንቦትና የሰኔ መዝገብ እንዳለ ጠፋ። ለሰውየው ስነግራቸው ላቤ ጠብ እያለ ነበር። ምንም አላሉኝም። ክላሴሩን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አደረጉና «በይ ልጄ፣ እንደገና እንጀምረው» አሉ። ዘጠኝ ምሽት ሙሉ ከደረሰኝ ላይ እየለቀምኩ አስገባሁት። ከዚያ ወዲህ ላፕቶፕ ስመርጥ ስለ ውበቱ አላስብም። እኒያ ሰውዬ ሁለተኛ እንዲህ እንዲሆኑብኝ አልፈልግም።

እስካሁን የወንድሜን አሮጌ ላፕቶፕ ተውሼ እየሠራሁ ነው። አሁን የራሴን ልገዛ ነው። ያለኝ 55 ሺህ ብር ነው። በዚህ ብር አዲስ ልግዛ ብል የሚደርሰኝ ያው የተሰበረብኝ ዓይነት ፕላስቲክ ነው። ስለዚህ ውጭ አገር ቢሮ ውስጥ ሲሠራባቸው ቆይተው ከሚመጡት፣ ስላይትሊ ዩዝድ ከሚሏቸው፣ ልገዛ አስቤያለሁ። ሱቅ ዞሬ ሦስት ዓይቻለሁ፦ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480፣ ዴል ላቲቲዩድ 7490 እና ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5። ሦስቱም 14 ኢንች ናቸው። ሦስቱም ኮር አይ ፋይቭ፣ 8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ናቸው። ዋጋቸውም ብዙ አይራራቅም።

ሥራዬ ፒችትሪ (የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም)፣ ትልልቅ የኤክሴል ፋይል፣ የቫት ማሳወቂያ እና ብዙ የተከፈተ የክሮም ገጽ ነው። ጌም አልጫወትም። ቪዲዮ አልሠራም። መንገዱን እንዲችልልኝ፣ መብራት ሲሄድ እንዳያዋርደኝ፣ ትከሻዬንም እንዳይጨርሰኝ ነው የምፈልገው። አሮጌው ከነቻርጀሩ ሦስት ኪሎ ይጠጋ ነበር። ቤቴ ደግሞ ከፒያሳ ወደ ላይ ዳገት ነው።

ሻጩ «ሦስቱም ሚሊታሪ ስታንዳርድ ናቸው» አለኝ። ይሄ ነገር በትክክል ምን ማለት ነው? የባቲን መንገድ ይችላል ማለት ነው?

የፒያሳው ጠጋኝ (ደሴ)

አብሽሪ እህቴ። ያለቀሰ ሰው ብዙ ይመጣብኛል፤ ያንቺ ደረሰኙ ስለነበረ ተርፈሻል።

ከመጨረሻው ጥያቄ ልጀምር። ሚሊታሪ ስታንዳርድ የሚሉት ሚል-ስታንዳርድ 810 ነው። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ያወጣው የሙከራ ዘዴ ነው። ጂ የሚለው እትም በፈረንጆቹ 2008፣ ኤች የሚለው እትም 2019 ላይ ወጣ። መውደቅ፣ መንቀጥቀጥ፣ አቧራ፣ ሙቀት፣ እርጥበት የሚፈተሽበት መንገድ ተጽፎበታል። ግን ልብ በይ፤ ፈተናውን መርጦ የሚያስፈትነው አምራቹ ራሱ ነው። «ይሄ አልፏል» ብሎ ማኅተም የሚመታ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የለም። ደግሞ የተፈተነው አዲሱ ዕቃ ነው። አንቺ የምትገዢው ስድስትና ሰባት ዓመት የሠራ ነው። እና ቃሉ ውሸት አይደለም፤ ግን አይበቃሽም።

እኔ ጥንካሬን የማየው ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ያንቺ ማጠፊያ ለምን እንደተገነጠለ ላሳይሽ። በርካሽ ላፕቶፕ ማጠፊያው ራሱ ብረት ነው፤ የታሰረው ግን ፕላስቲክ ውስጥ በተቀበሩ ትንንሽ የነሐስ ነቶች ላይ ነው። ነቷ የስንዴ ፍሬ ታክላለች። ማጠፊያው አቧራ ሲገባበትና ሲደርቅ ይከብዳል። ስክሪኑን በከፈትሽ ቁጥር ነቶቹን ወደ ላይ ይስባቸዋል። አንድ ቀን ከነፕላስቲኩ ይነቀላሉ። ከረጢቱ ባይወድቅበትም ዓመት አይቆይም ነበር። ለቢሮ ተብለው በሚሠሩት ላይ ማጠፊያው ከብረት ወይም ጠንከር ካለ አካል ጋር ነው የሚታሰረው። የቲ480 ማጠፊያ ወደ ኋላ ተኝቶ ከጠረጴዛ ጋር እኩል ይሆናል። በሳምንት ሁለትና ሦስት ማጠፊያ እሠራለሁ፤ ከእነዚህ ሦስቱ ሞዴሎች የሚመጣልኝ ግን እምብዛም ነው።

አሁን ሦስቱን ላወዳድርልሽ። ሦስቱም የ2018 ሞዴል ናቸው፣ በፈረንጆቹ። ሦስቱም ሁለት የራም ቦታ አላቸው። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ዛሬ በ8 ጊጋ ትገዣለሽ፣ ነገ ብር ስታገኚ ሌላ 8 ትጨምሪያለሽ። አደራ፣ ቲ480 እና ቲ480ኤስ አንድ አይደሉም። ኤስ ያለው ቀጭን ነው፤ ግማሹ ራም ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዷል፣ ከውጭ የሚወልቅ ባትሪም የለውም። ኤክስ ዋን ካርቦን የሚባለው ሌላው ቲንክፓድ ደግሞ ራሙ በሙሉ የተበየደ ነው። ሲይዙት ያምራል፤ ራሙ ቢበላሽ ግን የሚለወጥ የለም፣ ማዘርቦርዱ ነው የሚሄደው።

ፍጥነቱ ላይ ብዙ አትጨነቂ። ሦስቱም ለፒችትሪ ከበቂ በላይ ናቸው። ዋናው ፕሮሰሰሩ ስምንተኛ ጄኔሬሽን መሆኑ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት የዚህ ክፍል አይ ፋይቮች ሁለት ኮር ነበሩ፤ ከስምንተኛው ጀምሮ አራት ሆኑ። ትልቁን ኤክሴል ስትከፍቺ ልዩነቱን ራስሽ ታዪዋለሽ።

ለአንቺ ሥራ እኔ ቲ480ን ነው የምመርጠው። ምክንያቱ ባትሪው ነው። ሁለት ባትሪ አለው። አንዱ ውስጥ ነው፣ 24 ዋት-ሰዓት (ባትሪው የሚይዘው ኃይል መለኪያ ነው)። ሌላው ከታች በኩል በሁለት መቆለፊያ ይወልቃል። የሚወልቀው በ24፣ በ48 እና በ72 ዋት-ሰዓት ይገኛል። የውስጠኛው እያሠራው የውጪውን ታወጪና ሌላ ትከቺበታለሽ፤ ላፕቶፑ አይጠፋም። ባቲ ላይ መብራት ሲሄድ ይሄ ምን እንደሚያደርግልሽ አስቢው። ደግሞ ባትሪው ሲሞት እኔ ጋ መምጣት አያስፈልግሽም፤ ራስሽ ትቀይሪዋለሽ።

አንድ የታወቀ ችግር አለው፤ ሳልነግርሽ አልለቅሽም። ከ2017 እስከ 2019 የወጡ በርካታ ቲንክፓዶች የዩኤስቢ ሲ ቀዳዳ ፈርምዌር (ቀዳዳውን የሚያሠራው ውስጡ ያለ ፕሮግራም) ችግር ነበረበት። ካልተስተካከለ ቀዳዳው ሊሞት ይችላል። ቻርጅ የምታደርጊውም በሱ ነው። ሌኖቮ ማስተካከያውን አውጥቷል። ከገዛሽ በኋላ የመጀመሪያ ሥራሽ እሱን ማስጫን ይሁን።

ደላንታ መንገድ (ወገልጤና)

ጠጋኙ ወንድማችን ያለውን አከብራለሁ፤ ግን ተሸክሞ የሚሄደው እሱ አይደለም። እኔ ላፕቶፕ ይዤ ዳገት የምወጣ ሰው ነኝ፤ የመስኖና የውሃ ሥራ ላይ ነኝ።

እህት ዓለም፣ እኔ 7490 ነው የያዝኩት። ሦስት ክረምት አልፎበታል። ከ1.4 ኪሎ ይጀምራል። ቲ480 ከ1.58 ይጀምራል ይላሉ፤ ግን እሱ በትንሿ ባትሪ ነው። ትልቋ ባለ 72 ስትገባበት ይከብዳል፣ ከሆዱም ወጣ ትላለች። ያቺ ልዩነት በወረቀት ላይ ትንሽ ናት። ውሃ፣ ሰነድ፣ ቻርጀር ተጨምሮበት ሁለት ሰዓት በእግር ስትሄጂ ግን ትከሻሽ ይቆጥራታል። የ7490 ባትሪ በሁለት ዓይነት ይመጣል፣ 42 እና 60 ዋት-ሰዓት። ባለ 60ውን ፈልጊ፤ ሻጩ ላያውቀው ይችላል፣ አስከፍተሽ እዪው።

ሌላ አንድ ነገር። የትኛውንም ግዢ፣ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለበትን እንዳትነኪ። መንገዱ ብቻ አይደለም ምክንያቱ። የሃርድ ዲስክ ማንበቢያ ራስ ዲስኩ ላይ የሚንሳፈፈው በአየር ነው። አብዛኛው ሃርድ ዲስክ የሚሠራበት ከፍታ እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ተብሎ ነው የሚጻፍበት። የእኛ ደጋ ደግሞ ከዚያ የሚያልፍ ቦታ አለው፤ አየሩ ሲሳሳ ማንበቢያው ወደ ዲስኩ ይጠጋል። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለው ይሄ ሁሉ አይመለከተውም። አንቺ ወደ ቆላ ነው የምትወርጂው፤ ግን ነገ ለገሂዳ ወይም አቀስታ ደንበኛ ብታገኚስ?

ብርድም ባትሪ ይበላል። ጠዋት ውጭ ያደረ ላፕቶፕ ቶሎ ይወርዳል። እኔ ማታ ከጋቢዬ ሥር ነው የማሳድረው።

የሒሳብ ልጅ (ደሴ)

ሁለታችሁንም አላህ ይስጥልኝ። አሁን ይባስ ሐሳቤ ተከፈለ። ዳገቱንም አውቀዋለሁ፣ የባቲን መብራትም አውቀዋለሁ።

ስለ ኤሊትቡኩ ግን ማንም አላነሳልኝም። ሳየው ግን ከሦስቱ ያማረኝ እሱ ነበር፤ ብረቱ እጅ ላይ ቀዝቀዝ ይላል። እሱን የያዘ ሰው የለም?

ጡረተኛው መምህር (ሐይቅ)

ልጄ፣ እኔ ኤሊትቡክ 840 አለኝ። ያንቺ ጂ5 ነው፣ የእኔ ጂ3 ነው፤ ሁለት ትውልድ ይቀድማል። ገላው አልሙኒየም ነው። አንድ ጊዜ ከጠረጴዛ ወድቆ ጥጉ ተጎርዷል እንጂ ምንም አልሆነም። ኪቦርዱ ለስላሳ ነው። የተማሪዎቼን ፈተና ሁሉ በሱ ላይ በፓወር ግዕዝ ጽፌያለሁ፤ ጣቴን አድክሞኝ አያውቅም።

የማዝንበት ሌላ ነው። ስገዛው ሻጩ «ዊንዶውስ 11 ይቀበላል» አለኝ፣ አመንኩት። የፈረንጅ ጥቅምት 14 ቀን 2025፣ በእኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018፣ ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ (የደኅንነት ማስተካከያ መላኩን) አቆመ። ወደ 11 ላሳድገው ስል እምቢ አለ። የእኔ ፕሮሰሰር ስድስተኛ ጄኔሬሽን ነው፤ 11 ደግሞ ከኢንቴል በደንቡ የሚቀበለው ከስምንተኛ ጀምሮ ነው፣ ጥቂት ካልሆኑ በቀር። ዕቃው ጤነኛ ነው፤ እኔ እያየሁት አረጀብኝ። አንቺ የሰው ገንዘብ መዝገብ የምትይዢ ነሽና በዚህ አትሸወጂ።

የፒያሳው ጠጋኝ (ደሴ)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። እርስዎ ያነሱት ዋናው ነጥብ ነው፤ እኔ በደንብ አላብራራሁትም። ከእነዚህ የ2018 ሞዴሎች አንዳንዱ በሰባተኛ ጄኔሬሽን ፕሮሰሰርም ወጥቷል። ገላው አንድ ነው፣ ስሙ አንድ ነው፣ ውስጡ ግን ሌላ ነው። እህቴ፣ የፕሮሰሰሩ ቁጥር 8250 ወይም 8350 ይሁን። በ7 ከጀመረ ተይው፤ ዋጋው ቢቀንስም ተይው።

ጋሼ፣ የእርስዎን ወደ እኔ ቢያመጡት በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለውን ልጭንልዎት እችላለሁ፤ በነጻ ነው። ፓወር ግዕዙ አይሠራበትም፣ ግን አማርኛ መጻፊያ አለው። ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ገና ብዙ ያገለግልዎታል።

ስለ 840 ጂ5 እህቴ የጠየቅሽው፦ ጥሩ ዕቃ ነው። ከ1.48 ኪሎ ይጀምራል፣ ባትሪው 50 ዋት-ሰዓት ነው፣ ውስጥ ነው። ከሁለቱ መሐል ነው ያለው፤ እንደ 7490 አይቀልም፣ እንደ ቲ480 ባትሪ አይወልቅለትም። ከሁሉ ንጹሑን ካገኘሽ ግዢው፤ አይቆጭሽም።

እኔን የምትሰሚኝ ከሆነ ከሞዴሉ በላይ ያንን አንዱን ዕቃ እዪ። ሁለት ቲ480 ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ አምስት ዓመት ይሠራል፣ አንዱ ሳምንት አይሞላም።

ሱቅ ስትገቢ መጀመሪያ ዘግተሽ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪው። በአንድ ጥግ የሚወዛወዝ ከሆነ ወይ ተጣሟል ወይ ባትሪው አብጧል። ክፈቺው። የመዳሰሻው ሰሌዳ ከፍ ብሎ ከሆነ፣ ሲጫኑት ጠቅ የማይል ከሆነ፣ ከሥሩ ባትሪ እያበጠ ነው። ያበጠ ባትሪ አደጋ ነው፤ ቀልድ አይደለም።

ቀጥሎ አጥፍተሽ እንደገና አስነሺው፣ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚመጣው የማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ግቢ። የይለፍ ቃል ከጠየቀሽ ተመለሺ። እነዚህ የድርጅት ዕቃዎች ናቸው፤ ሳይፈቱ የሚመጡ አሉ። እኔ ራሴ ከአንድ ሻጭ አራት ላፕቶፕ ገዝቼ ሁለቱ ተቆልፈው አግኝቻቸዋለሁ፤ ሰውየው ሊቀበለኝ አልፈቀደም። ከዚያ የከፋ ደግሞ አለ። ዊንዶውሱ ሲጫን ምንም አይልም። ሁለተኛ ፎርማት አድርገሽ ኢንተርኔት ስታገናኚው «እንኳን ወደ ድርጅታችን መጣህ» ብሎ የማታውቂውን የካምፓኒ ስም ያወጣና ኢሜይል ይጠይቅሻል። የድርጅቱ መዝገብ ላይ ነው ማለት ነው። እሱን ማንም ጠጋኝ በሐቅ አይፈታልሽም። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ እያለሽ አስፎርምቺው፣ በስልክሽ ዳታ አገናኚው፣ እስከ መጨረሻው ድረስ ተከታተዪው። ሻጩ ከተጣደፈ ያንን ልብ በይ።

የባትሪ ሪፖርት አስወጪ። ዊንዶውስ በራሱ ያወጣል፤ ምንም ፕሮግራም አያስፈልገውም። ሁለት ቁጥር ታያለሽ፦ አንዱ አዲስ እያለ የነበረው አቅም፣ አንዱ አሁን ሞልቶ የሚይዘው። 60 የነበረው 30 ከሆነ ግማሹ ሄዷል፤ በዚያው ልክ ዋጋ አስቀንሺ። ስክሪኑን ደግሞ 1920 በ1080 መሆኑን አረጋግጪ። ቲ480 ርካሽ የሆነ 1366 በ768 ስክሪን ያለውም አለ፤ ኤክሴል ላይ አምዶቹ አይበቁሽም፣ ከጎን ስታዪውም ይጠቁራል። ኪቦርዱን እያንዳንዱን ቁልፍ ጻፊበት። ቀዳዳዎቹን ሁሉ በፍላሽሽ ሞክሪ።

መብራትን በተመለከተ ደግሞ፣ መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ከሶኬት ንቀዪው። ሲመጣ ወዲያው አትሰኪው። ሲመለስ ዘሎ ነው የሚመጣው፤ ብዙ ቻርጀር የሚቃጠለው ያኔ ነው። ሦስቱም በዩኤስቢ ሲ ቻርጅ ይሆናሉ፤ አንድ ደህና 65 ዋት ቻርጀር ለሁሉም ይሆናል።

ደላንታ መንገድ (ወገልጤና)

ጠጋኙ የጻፈውን ሴቭ አድርጌዋለሁ። እኔ ስገዛ ከእነዚህ አንዱንም አላየሁም፤ ዕድሌ ሆኖ ነው የተረፍኩት።

እህት ዓለም፣ ቦርሳም ግዢ። ላፕቶፑ የሚገባበት ኪስ ታችኛው ወለል ላይ የማይደርስ፣ ከፍ ብሎ የተሰፋ ቦርሳ አለ። ቦርሳው መሬት ሲመታ ላፕቶፑ አይመታም። ረዳት ሲጠይቅሽ ደግሞ አትስጪ፤ ጭንሽ ላይ ይሁን።

የሒሳብ ልጅ (ደሴ)

ወገኖቼ፣ ውጤቱን ሳልነግራችሁ ብቀር ነውር ነው።

ቅዳሜ ወጣሁ። የጠጋኙን ጽሑፍ በወረቀት ገልብጬ ነው የሄድኩት። መጀመሪያ የገባሁበት ሱቅ 7490 ነበረው። ቆንጆ ነበር፣ ቀላል ነበር፤ ደላንታ መንገድ፣ ወላሂ ልገዛው ነበር። ዘግቼ መስታወቱ ላይ አስቀመጥኩት። በቀኝ ጥጉ ተወዛወዘ። ከፈትኩት። የመዳሰሻው ሰሌዳ በአንድ ጎኑ ከፍ ብሏል። ጥፍሬ በሥሩ ገባ። ሻጩ «እሱ ከድሮም እንዲህ ነው» አለኝ። ባትሪው ነው አልኩት። አየኝና ዝም አለ። አመስግኜ ወጣሁ።

ሦስተኛው ሱቅ ላይ ቲ480 አገኘሁ። ፕሮሰሰሩ 8350፣ ስክሪኑ 1920 በ1080። ጠረጴዛ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ባዮሱ ክፍት ነው። ፎርማቱ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። ልጁ አልተጣደፈም፤ እንዲያውም ሻይ አስመጣልኝ። በስልኬ ኢንተርኔት አገናኘሁት፣ የማንም ካምፓኒ ስም አልወጣም። የውስጡ ባትሪ 24 የነበረው 19 ይይዛል፣ የውጪው ግን 24 የነበረው 11 ብቻ ነው። ወረቀቱን አሳይቼ ተከራከርኩ። በ46 ሺህ ሰጠኝ። በተረፈው ብር ባለ 72ዋን ባትሪ ለብቻ ገዛሁ። አሮጌዋን አልጣልኳትም፤ ቦርሳ ውስጥ ናት። ፈርምዌሩን እሑድ አስጫንኩት።

ማክሰኞ ባቲ ወረድኩ። ቦርሳው ጭኔ ላይ ነበር። ረዳቱ እጁን ሲዘረጋ «ተው ወንድሜ፣ የሰው መዝገብ ነው» አልኩት።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ሄደ። የጨርቅ ሱቅ ውስጥ ነበርኩ፤ ፋኑ ቆመ፣ ሙቀቱ ወዲያው ተጫነን። የደንበኛዬ ባለቤት ረከቦቱን ዘርግታ ቡና እያፈላች ነበር። የወሩን ቫት ላስገባ ጥቂት ነበር የቀረኝ። ትልቋን ባትሪ ማታ ቻርጅ ማድረግ ረስቼ ግማሽ ላይ ነበረች። እስከ ሰባት ሰዓት ሄደች። ከዚያ ፋይሉ ተከፍቶ እያለ ላፕቶፑን አንጋለልኩት፣ ሁለቱን መቆለፊያ ገፋሁ፣ ትልቋን አውጥቼ አሮጌዋን ከተትኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ገልብጬ ሳየው ኤክሴሉ እዚያው መስመር ላይ ቆሟል፣ 418ኛው ረድፍ ላይ። ቡና የምታፈላው ሴትዮ ጀበናውን ይዛ ቆማ ስታየኝ ነበር፤ «መብራት ከየት መጣልሽ?» አለችኝ።

ትከሻዬ ላይ ትንሽ ከብዷል፤ ደላንታ መንገድ ልክ ነበርክ። ለዳገቱ ቀን ባለ 72ዋን ቤት ትቼ ትንሿን ብቻ እይዛለሁ። በየማታው ደግሞ የቀኑን ሥራ ሁለት ቦታ እገለብጣለሁ፤ አንዷ ፍላሽ ቤት ትቀራለች።

ጠጋኙ ወንድሜ፣ ከተሰበረው ላፕቶፕ ውስጥ 8 ጊጋ ራም አለ፤ ላዩ ላይ ዲዲአር 4 ይላል። ቲ480ው ላይ ይገባልኛል? ከገባ ሐሙስ ሁለቱንም ይዤ ልምጣ።

የፒያሳው ጠጋኝ (ደሴ)

ይገባል እህቴ። አሥራ ስድስት ትሆንልሻለች። ሐሙስ ከሰዓት ነዪ፤ ጠዋት በእኛ በኩል መብራት ይጠፋል ብለዋል። የአሮጌውን ሃርድ ዲስክም እንዳትጥዪው፣ አብረሽ አምጪው፤ የግንቦቱ መዝገብ ይነበብ እንደሆነ ልሞክርልሽ።